አየር ላይ 4 ዙር ተኩል! ይሄ እንዴት ይቻላል?

የፊገር ስኬቲንግ ቪዲዮ አይታችሁ "ይሄ ሰው እንዴት ይሄን ሁሉ ዞሮ በእግሩ ያርፋል?" ብላችሁ ታውቁ ይሆናል። ዛሬ ከዝላዩ ጀርባ ያለውን ፊዚክስ፣ ፊዚክሱም እንዴት ከስፖርቱ የዕድሜ ሕግ ጋር እንደተገናኘ እናያለን። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ ናቸው።)

▪️ አክስል ምንድነው?

ከዝላዮቹ ሁሉ ከባዱ ነው። ስሙ የመጣው በ1882 መጀመሪያ ከሠራው ኖርዌያዊ አክስል ፖልሰን ነው። ሌሎቹ ዝላዮች ወደ ኋላ እየተንሸራተቱ ነው የሚነሱት፤ አክስል ግን ወደ ፊት። ማረፊያው እንደ ሌሎቹ ወደ ኋላ ስለሆነ ግማሽ ዙር ይጨመርበታል። ስለዚህ ባለ 4 አክስል ማለት 4 ዙር ተኩል ነው። በውድድር ላይ መጀመሪያ ያሳካው አሜሪካዊው ኢሊያ ማሊኒን ሲሆን ጊዜው 2022፣ ዕድሜው ደግሞ 17 ነበር።

▪️ ዙሩ ከየት ይመጣል?

እግር በረዶውን ከለቀቀ በኋላ የሚያሽከረክር አዲስ ጉልበት የለም። አንጉላር ሞመንተም የሚባለውን የመዞር አቅም ስኬተሩ ከበረዶው ላይ ይዞት ነው የሚነሳው። አየር ላይ መቀየር የሚችለው ፍጥነቱን ብቻ ነው። እጁን ደረቱ ላይ ሲሰበስብ ይፈጥናል፤ ለማረፍ ሲዘረጋው ይቀዘቅዛል።

ቤት ውስጥ ሞክሩት፦ የሚሽከረከር ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ በሁለቱም እጃችሁ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ይዛችሁ ዘርጉ። ጓደኛችሁ ቀስ አድርጎ ያሽከርክራችሁ፣ ከዛ ሃይላንዶቹን ወደ ደረታችሁ ሳቡ። ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃችኋል።

▪️ ሰዓቱ ለምን አይበቃም?

60 ሴንቲ ሜትር የዘለለ ሰው አየር ላይ የሚቆየው 0.7 ሰከንድ ገደማ ነው። ወፍራምም ይሁን ቀጭን ያው ነው። ይሄን ጊዜ እጥፍ ለማድረግ ከፍታው 4 እጥፍ፣ ማለትም 2.4 ሜትር መሆን አለበት። ያ ደግሞ አይታሰብም። ስለዚህ የቀረው መንገድ በጣም ፈጥኖ መዞር ነው፤ በሰከንድ ከ5 ዙር በላይ።

▪️ ልጆቹስ?

ጉዳዩ ከበድ የሚለው እዚህ ጋር ነው። ትከሻና ዳሌው ጠባብ የሆነ ቀጭን ሰውነት ለማሽከርከር ይቀላል። ስለዚህ ሰውነታቸው ገና ያልሞላ ልጆች ባለ 4 ዝላይ ላይ ብልጫ ያገኛሉ። በቤጂንግ 2022 በኦሊምፒክ ታሪክ ባለ 4 ዝላይ ያሳካችው የመጀመሪያዋ ሴት ገና 15 ዓመቷ ነበር (ውጤቷ በኋላ በዶፒንግ ተሰርዟል)።

ግን ሲታረፍ የሰውነትን ክብደት ብዙ እጥፍ የሚሆን ጫና አንድ እግር ላይ ነው የሚወድቀው። ይሄ በልምምድ በየቀኑ ሲደጋገም ገና እያደገ ያለ አጥንትን ለጉዳት ያጋልጣል።

በሰኔ 2022 ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ኅብረት ታይላንድ ፉኬት ላይ ተሰብስቦ በአዋቂዎች ውድድር ዝቅተኛውን ዕድሜ ከ15 ወደ 17 ከፍ አደረገ። ድምፁ 100 ለ16 ነበር። ምክንያቱ የልጆቹን የአካልና የአእምሮ ጤና መጠበቅ ነው። ሕጉ መጀመሪያ 16፣ ከ2024/25 ጀምሮ ደግሞ 17 ሆኖ ሥራ ላይ ውሏል።

ሕጉ ፊዚክሱን አልቀየረውም፤ ቀጭን ሰውነት አሁንም ቶሎ ይዞራል። የተቀየረው ያንን ብልጫ ለማግኘት የሕፃን ጉልበትና ቁርጭምጭሚት መክፈሉ ነው።

ቀጣዩን ቪዲዮ ስታዩ እግሩን ሳይሆን እጁን ተከታተሉ። ሃይላንዱን የሞከራችሁ ደግሞ ኮመንት ላይ ንገሩን 👇