የጭንቀትና የድባቴ የንግግር ሕክምና ለልጆችና ለአዋቂዎች

ጭንቀትና ድባቴ የስንፍና ወይም የእምነት ማነስ ምልክቶች አይደሉም፤ ሊታከሙ የሚችሉ ሕመሞች ናቸው። ውጤታማነታቸው በጥናት ከተረጋገጡት የንግግር ሕክምናዎች አንዱ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና (ሲ.ቢ.ቲ.) ነው።

እርዳታ መፈለግ ያለብዎት መቼ ነው?

ሐዘን ወይም ፍላጎት ማጣት አብዛኛውን ቀን ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየብዎት፣ ወይም ስጋት እንቅልፍዎንና ሥራዎን ካወከ ባለሙያ ያማክሩ። ልጆች ስሜታቸውን በቃል ላይገልጹት ይችላሉ። ተደጋጋሚ የሆድ ወይም የራስ ምታት፣ መነጫነጭ፣ «ትምህርት ቤት አልሄድም» ማለት ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ።

ሕክምናው እንዴት ይሠራል?

ሐሳብ፣ ስሜትና ድርጊት አንዱ ሌላውን ይነካሉ። ለምሳሌ ጎረቤትዎ ሰላም ሳይልዎት ቢያልፍና «ጠልቶኝ ነው» ብለው ቢያስቡ ይከፋዎታል። ከዚያ ከቤት መውጣት ይተዋሉ፤ ብቸኝነቱ ደግሞ ድባቴውን ያብሰዋል። ባለሙያው «ምናልባት አላየኝ ይሆን?» ብለው ሐሳብዎን እንዲመረምሩ ያግዝዎታል።

• ለድባቴ፦ የተዉትን ነገር በትንሽ በትንሹ መጀመር፤ አጭር የእግር ጉዞ ወይም ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣት።
• ለጭንቀት፦ የሚፈሩትን ነገር ደረጃ በደረጃ መልመድ። ትምህርት ቤት የሚፈራ ልጅ መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ቀጥሎ ለአንድ ክፍለ ጊዜ፣ ከዚያ ለግማሽ ቀን ሊሞክር ይችላል።

ብዙውን ጊዜ ቀጠሮው በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ሲሆን ለጥቂት ወራት ይቀጥላል። በየቀጠሮው መካከል ቤት የሚሠሩት ልምምድ የሕክምናው ዋና አካል ነው።

የወላጅ ድርሻ ምንድን ነው?

ከትናንሽ ልጆች ጋር ሕክምናው በጨዋታና በሥዕል ጭምር ይሰጣል። ልጅዎን «ምን ያስፈራሃል!» ብለው አይቆጡት፤ ከሚፈራው ነገር ሁሉም አይሸሽጉት። ትንሿን እርምጃ ያመስግኑ።

መድኃኒት ያስፈልጋል?

ሕመሙ ቀላል ከሆነ የንግግር ሕክምና ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ሲጠና ሁለቱ አብረው ሊሰጡ ይችላሉ። የድባቴ መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል፤ ሐኪም ሳያማክሩ አያቋርጡ። ልጆችና ወጣቶች ሲጀምሩ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊጨምር ስለሚችል የቅርብ ክትትል ያስፈልጋቸዋል። ጸበል የሚጠመቁ ወይም ጸሎት የሚያደርጉ ከሆነ ከሕክምናው ጎን ለጎን መቀጠል ይችላሉ፤ መድኃኒቱን ግን አይተዉ።

ባለሙያውን ምን ልጠይቅ?

• የሚሰጡኝ ሕክምና ለእኔ ሕመም እንደሚሠራ በጥናት ታይቷል?
• መሻሻሌን በምን እናውቃለን?
• ለውጥ ካልመጣ ምን እናደርጋለን?

በውጭ አገር የሚኖሩ ከሆነ አስተርጓሚ እንዲመደብልዎት ይጠይቁ። ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ፤ እርስዎ በነጻነት መናገር ያቅትዎታል፣ ልጁም ከአቅሙ በላይ ይሸከማል።

አስቸኳይ እርዳታ

አንድ ሰው «መኖር አልፈልግም» ካለ በቀጥታና በእርጋታ ይጠይቁት። መጠየቅዎ ሐሳቡን አይፈጥርበትም። ብቻውን አይተዉት፤ መድኃኒት፣ ፀረ ተባይ፣ ገመድና ስለት ያርቁ፤ ወዲያውኑ በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። በአሜሪካ ወደ 988 መደወል ይቻላል።