ለንደንን በነፃ ለማየት

ለንደን ኪስ ታራቁታለች ይባላል፤ ታላላቅ ሙዚየሞቿ ግን ቋሚ ስብስባቸውን የሚያሳዩት በነፃ ነው። ለብሪቲሽ ሙዚየም ግማሽ ቀን መድቡ። በማግስቱ ሳውዝ ኬንሲንግተን ወርዳችሁ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየምን እዩ፤ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰደው የወርቅ ዘውድ ያለው እዚያ ነው። ለእረፍት ሃይድ ፓርክ ቅርብ ነው። የኦልድ ቤይሊን ችሎት መከታተልም ክፍያ የለውም።

እኔ እንደ ሕግ ሰው የማስቀድመው ብሪቲሽ ላይብረሪን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1215ቱ ማግና ካርታ ከተረፉት አራት ቅጂዎች ሁለቱ በዚያ ይገኛሉ። ነፃ ሰው ያለ ሕግ ንብረቱን እንዳይነጠቅ የደነገገው ይኸው ሰነድ ነው። ከመቅደላ የተጋዙት የብራና መጻሕፍታችንም የተቀመጡት በዚሁ ቤት ነው። መጻሕፍቱ ለማን ይገባሉ ብሎ የሚጠይቅ ኢትዮጵያዊ ጎብኚ መከራከሪያውን ከዚያው ሰነድ ያገኛል።