ፋብሪካዎች ከአየር ሞገድ ድርሻቸውን እንዴት አገኙ

የሞባይል ስልክ በተፈጠረ ጊዜ የታሰበው ሰው ከሰው ጋር እንዲነጋገርበት ነበር። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ድምፅ ለጥቂት ጊዜ ቢቋረጥ «አልሰማሁህም፤ ድገምልኝ» ተባብለው ጉዳያቸውን ይፈጽማሉ። በፋብሪካ ውስጥ ግን ብረት የሚያነሣ የማሽን ክንድና ያለ ነጂ ዕቃ የሚያመላልስ ጋሪ እንዲህ ሊባባሉ አይችሉም። ትእዛዙ በጊዜው ካልደረሰ ወይ ሥራው ይቆማል፤ ወይ ማሽኑ ሠራተኛ ይጎዳል። ስለዚህ ለሰው ወሬ የተዘረጋው መረብ ለማሽን ሥራ እንዲበቃ ለማድረግ ብዙ ክርክር ተደርጓል። ክርክሩም ስለ መሣሪያው ብቻ አልነበረም፤ በአየሩ ሞገድ ላይ ባለ መብት ማን ይሁን የሚል ጭምር ነበር እንጂ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት አንዱ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄውን አስቀድመው ካነሡት መካከል የአውሮፓ ምድር ባቡሮች ይገኛሉ። እያንዳንዱ አገር የራሱ የሬዲዮ ዓይነት ስለ ነበረው፥ ባቡሩ ወሰን ሲሻገር የነጂው ሬዲዮ ከጎረቤት አገር ጣቢያ ጋር አይግባባም ነበር። ከዚህም የተነሣ ለሕዝብ ከተሠራው ጂ.ኤስ.ኤም. ከተባለው የስልክ ሥርዐት ለባቡር ብቻ የሚሆን ቅርንጫፍ እንዲወጣ ተመከረ፤ በ1997ም 32 የምድር ባቡር ድርጅቶች ይህንኑ ሊሠሩበት ተፈራረሙ። ከ876 እስከ 880 እና ከ921 እስከ 925 ሜጋ ኸርዝ ያለው ሞገድ ተለየላቸው። የአደጋ ጥሪ በመጣ ጊዜ ተራው ንግግር ቦታ ይለቃል፤ ጥሪውም በአካባቢው ላሉት ባቡሮች ሁሉ ባንድ ጊዜ ይደርሳል።

ምድር ባቡር ግን በብዙ አገር የመንግሥት ይዞታ ስለ ነበረ የጠየቀውን ለማግኘት አልተቸገረም። የፋብሪካ ባለቤት ሲጠይቅ ነገሩ ሌላ ሆነ።

በ2015 የዓለም የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለአምስተኛው ትውልድ የሞባይል መረብ ሦስት ዓይነት ተግባር ወሰነ። አንደኛው ለሰዎች የሚሆን ፍጥነት ነው፤ ሁለተኛው በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሚሊዮን የሚደርሱ ጥቃቅን መሣሪያዎችን ማገናኘት ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ መልእክትን ሳያጓድሉ ከሰከንድ 1000 እጅ በአንዱ ያህል ጊዜ ማድረስ ነው። በአገራችን ኢትዮ ቴሌኮም ይህን ትውልድ በአዲስ አበባ መሞከር የጀመረው በግንቦት 2014 ዓ.ም. ስለ ሆነ ስሙ ለአንባቢ እንግዳ አይደለም። ፋብሪካዎቹን ያነቃቃቸው ግን ፍጥነቱ ሳይሆን ይህ ሦስተኛው ተስፋ ነው። በጀርመን አገር በ2018 የኢንዱስትሪ ሰዎችና የመረብ መሣሪያ ሠሪዎች በአንድ ማኅበር ተሰብስበው ለዓለም መሐንዲሶች ፍላጎታቸውን ማስረዳት ጀመሩ።

የጀርመን ፌዴራል የኔትዎርክ መሥሪያ ቤትም ከ3700 እስከ 3800 ሜጋ ኸርዝ ያለውን ሞገድ ከጨረታው አውጥቶ በየአካባቢው ለሚጠይቁ ድርጅቶች አስቀመጠው። የስልክ ኩባንያዎች ይህን አጥብቀው ተቃወሙ፤ ሞገዱ በተቀነሰ መጠን የቀረው ይወደዳል፥ ገንዘባችንም መረብ ከመዘርጋት ይልቅ ለጨረታ ይውላል አሉ። አነጋገራቸው መሠረት የሌለው አልነበረም። በመጋቢት 2019 በማይንስ ከተማ የተከፈተው ጨረታ 497 ዙር ፈጅቶ በሰኔ ሲዘጋ አራት ኩባንያዎች 6.55 ቢሊዮን ዩሮ ያህል ሊከፍሉ ተገደዱ።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለሚሠራ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀው ግን ለፋብሪካዎቹ የተደነገገው የክፍያ ስሌት ነው። መነሻው 1000 ዩሮ ነው፤ በዚያ ላይ የሞገዱ ስፋት በሜጋ ኸርዝ፥ የዓመቱ ቁጥርና 5 ተባዝተው፥ ከቦታው ስፋት ጋር ይባዛሉ፤ የመኖሪያና የመንገድ ቦታ ከሆነ ግን በ6 እጥፍ ይቈጠራል። እንግዲህ አንድ ፋብሪካ በከተማ ውስጥ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር ይዞ 100 ሜጋ ኸርዙን በሙሉ ለ10 ዓመት ቢወስድ 31,000 ዩሮ ይከፍላል፤ ያው ፋብሪካ በገጠር ቢሆን 6,000 ብቻ ይበቃዋል። አነስተኛ ባለ ፋብሪካም ያለ ጠበቃ ይህን በወረቀት ላይ ሊያሰላው ይችላል። ፈቃዱን ወስዶ በአንድ ዓመት ውስጥ ያልሠራበት ግን ሊቀማ ስለሚችል፥ ሞገዱን እንደ ጦም አዳሪ መሬት ይዞ መቀመጥ አይቻልም። የማመልከቻው በር በኅዳር 2019 ተከፈተ። ጃፓንም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ለአካባቢ መረብ ለሚሆነው ለራሷ ፈቃድ ማመልከቻ መቀበል ጀመረች፤ መንገዷ ግን ከጀርመን የተለየ ነው።

ቦሽ የተባለው ድርጅት በሽቱትጋርት ፎየርባኽ ባለው ፋብሪካው ውስጥ መረቡን በኅዳር 2020 ሥራ ላይ አዋለ። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ችግር ነበረ። በ2018 የተፈጸመው 15ኛው የቴክኒክ ስምምነት በይበልጥ የተዘጋጀው ለሰዎች ፍጥነት ነበር። ለማሽን የሚያስፈልገው አስተማማኝነትና የድርጅት የግል መረብ ደንብ በሚገባ የገባው በሐምሌ 2020 በተጠናቀቀው በ16ኛው ነው፤ ስምምነቱ በወረቀት ከሰፈረ በኋላም መሣሪያው ተሠርቶ እስኪወጣ ሌላ ጊዜ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ቀድመው ፈቃድ የወሰዱት ፋብሪካዎች መብታቸውን በእጃቸው ይዘው ሳለ፥ ያን መብት የጠየቁበትን መሣሪያ ለማግኘት ገና መጠበቅ ነበረባቸው።