የአንድ ሰው ሊኑክስ

ዛሬም ድረስ እየታደሱ ካሉት የሊኑክስ ዲስትሮዎች (ለመጫን የተዘጋጁ የሊኑክስ ስብስቦች) መካከል በዕድሜ አንጋፋው ስላክዌር ነው። የጀመረው ኩባንያ ሳይሆን አንድ ተማሪ ነው። በ1992 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው) ፒተር ማክዶናልድ የተባለ ሰው ኤስኤልኤስ የሚባል ዲስትሮ አዘጋጅቶ ነበር። ብዙ ሰው ይጠቀምበታል፤ ግን ብልሽቱ ብዙ ነው፣ ማረሚያውም ቶሎ አይመጣም። በአሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሙርሄድ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው ፓትሪክ ቮልከርዲንግ ለራሱና ለመምህሩ ሲል ብልሽቱን አንድ በአንድ እያረመ ቆይቶ ጁላይ 1993 ላይ ስላክዌር 1.0ን ለቀቀ። 24 ፍሎፒ ዲስክ ይሞላ ነበር። በወሩ ኢያን መርዶክም በዚያው በኤስኤልኤስ ተማርሮ ደቢያንን ጀመረ። ደቢያን ደንብና ምርጫ ያለው ማኅበር ሆነ፤ ስላክዌር በአንድ ሰው እጅ ቀረ።

እንጀራዬ ሰርቨር መጠበቅ ነው። ስላክዌር ላይ አንድ አገልግሎት ማሽኑ ሲነሣ አብሮ እንዲነሣ ከፈለግኩ፣ የማስነሻ ስክሪፕቶቹ ወዳሉበት ፎልደር ገብቼ ለዚያ አገልግሎት ፋይል የመሮጥ ፈቃድ እሰጠዋለሁ። እንዳይነሣ ከፈለግኩ ፈቃዱን እነሣዋለሁ። በቃ። ፋይሉ ሲከፈት ተራ የሼል ስክሪፕት ነው፤ በየመሐሉ ይህ መስመር ለምን እንደገባ ሰው ለሰው በሚያወራበት ቋንቋ ተጽፎበታል። ፓኬጅ ሲጫንም ሌላ ምን ያስፈልገዋል ብሎ የሚያጣራ የለም፤ ማወቅ ያለብኝ እኔ ነኝ። ይህን የሚጠሉ ብዙ ናቸው። እኔ ግን በአንድ ሰው ሐሳብ የተሠራ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዴት ወጥ እንደሚሆን ያየሁት እዚህ ነው። ኮሚቴ እንዲህ ያለ ነገር ሲሠራ አላየሁም።

ክፋቱ፣ ሁሉ ነገር በዚያ ሰው ጤናና ኪስ ላይ መንጠልጠሉ ነው። ሲዲውን የሚያሳትመው ድርጅት ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲዘዋወር በ2001 ስላክዌር ላይ የሚሠሩት ሰዎች ከደመወዝ ወጡ። በ2004 መገባደጃ ቮልከርዲንግ በጠና ታመመ፤ የሕመሙን ምልክት ራሱ ዘርዝሮ ለተጠቃሚዎቹ ጻፈ። በ2018 ደግሞ ሲዲው ከሚሸጥበት መደብር ገንዘብ ሳይደርሰው መቆየቱን በአደባባይ ተናገረ። ስንቱ ሰርቨር በእሱ ሥራ እየተዳደረ እሱ ኑሮ ከብዶት ነበር ማለት ነው። ያን ማንበብ አሳፍሮኛል። እንደኔ ያሉ ብዙ ተጠቃሚዎች በቀጥታ ገንዘብ መላክ የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ከ14.2 በኋላ 15.0 እስኪወጣ ከ2016 እስከ 2022 ተጠበቀ። የሚያግዙት ታማኝ ሰዎች አሉ፤ የመጨረሻው ቃል ግን ምንጊዜም የእሱ ነው።

እንዲህ ያለ ዲስትሮ ሲወድቅ ኮዱ ይጠፋል ብለው የሚፈሩ አሉ። ኮዱ ነፃ ነው፣ ማንም ገልብጦ ይቀጥለዋል። የሚጠፋው ሌላ ነው፦ ዶሜይኑ፣ የይለፍ ቃሉ፣ መዋጮ የሚገባበት ሒሳብ። ሴንቶስ የሚባለው ዲስትሮ ብዙ አዘጋጆች ነበሩት፤ ሆኖም በ2009 ዶሜይኑንና መዋጮውን የያዘው አንድ አባል ድምፁ ስለጠፋ የሥራ ባልደረቦቹ በግልጽ ደብዳቤ ሊለምኑት ተገደዱ። ደግነቱ በቀናት ውስጥ ተገናኝተው ጉዳዩ ተፈታ።

ቮይድ ሊኑክስ ግን እንዲህ አልቀናውም። በ2008 ሁዋን ሮሜሮ ፓርዲንስ፣ ቀድሞ ኔትቢኤስዲ ላይ ይሠራ የነበረ ሰው፣ የራሱን የፓኬጅ አስተዳዳሪ ለመፈተን የጀመረው ነው። ሥራው አድጎ ብዙ ሰው ገባበት። በ2018 መሥራቹ ለወራት ድምፁ ሲጠፋ የቀሩት ሰዎች ኮዱን ጽፈው ማረም ይችላሉ፤ ኮዱ በተቀመጠበት ድረ ገጽ በጊትሃብ ላይ ያለውን ድርጅታቸውን ማስተዳደር ግን አይችሉም፣ ዶሜይኑም በእጃቸው አይደለም። ለሌላ ሰው መብት የሚሰጠው እሱ ብቻ ነበርና። ጊትሃብ ላይ አዲስ ድርጅት ከፍተው ሁሉንም አዛወሩ፣ ወደ ሌላ ዶሜይንም ተሻገሩ። በየቤቱና በየቢሮው ያለ ተጠቃሚም ፓኬጅ የሚያወርድበት አድራሻ መቀየር ግድ ሆነ። በሺህ የሚቆጠሩ ፓኬጆችን ሲያዘጋጁ የኖሩ ሰዎች ያን ሁሉ ድካም ያዩት በሁለተኛ ሰው ስም ባልተመዘገበ የይለፍ ቃል ምክንያት ነው። መሥራቹን አልወቅስም፤ ሰው ይታመማል፣ ይሰለቻል፣ ኑሮ ይወስደዋል። የምወቅሰው ሁላችንም እንዲህ ያለውን ነገር ሳንጠይቅ ማሽናችን ላይ መጫናችንን ነው።

ነግሮ የሚዘጋም አለ። በደቢያን ላይ የተመሠረተውን ክራንችባንግ የሚባል ዲስትሮ የሠራው ፊሊፕ ኒውቦሮ በፌብሩዋሪ 2015 ሥራውን ማቆሙን አስታወቀ። ምክንያቱንም አልደበቀም፦ ደቢያን ራሱ ስለተሻሻለ የእሱ ዲስትሮ እንደ ድሮው አያስፈልግም ብሎ አምኗል። ወዳጆቹ ቡንሰንላብስ የሚባል ሌላ ስም ይዘው ቀጠሉ። አውቆና ነግሮ መዝጋት ለእኔ ትልቅ ሥራ ነው፤ ከመጀመር አይተናነስም።

ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ዲስትሮ እንድጭን ሲቀርብልኝ ከፓኬጆቹ ብዛት በፊት የምጠይቀው ማን ማን የይለፍ ቃሉን እንደያዘ፣ ዶሜይኑ በማን ስም እንደሆነ፣ መዋጮው የት እንደሚገባ ነው። መልሱ አንድ ስም ብቻ ከሆነ አልተወውም፤ ለዚያ ሰው ጽፌ ሁለተኛ ሰው እንዲያስገባ እለምነዋለሁ፣ የምችለውንም እልክለታለሁ።