«የጎንዮሽ ጉዳት»፦ የአንድ የሕክምና ስያሜ ጉዞና የጋምቤላ ፈተና

«የጎንዮሽ ጉዳት» የሚለው ስያሜ የእንግሊዝኛውን አጠራር ቃል በቃል ተከትሎ የተሠራ ነው። «-ዮሽ» የተሰኘው ምዕላድ በ«ኋልዮሽ» አቅጣጫን፣ በ«ሁለትዮሽ» ደግሞ ተካፋዮችን ያመለክታል። ስለሆነም ስያሜው የመድኃኒቱ ዋና ሥራ ወደ ፊት ሲጓዝ ጉዳቱ ወደ ጎን እንደሚያፈነግጥ ይነግረናል። በተለመዱት መድኃኒቶች ዘንድ ይህ ሥዕል እምብዛም አያሳስትም። የሰውነትን የመከላከል ኃይል በማነሣሣት ካንሰርን በሚያክመው መርፌ ዘንድ ግን ያሳስታል።

የሕክምናው ታሪክ ይህን ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1891 የኒው ዮርኩ ሐኪም ዊልያም ኮሌይ በአንድ ሕመምተኛ ላይ ሕያዋን ባክቴሪያዎችን በመርፌ አስገቡ። ተከትሎ የሚመጣው ብርቱ ትኩሳት ለእርሳቸው የፈውሱ ምልክት እንጂ ከፈውሱ የተለየ ነገር አልነበረም። ኢፒሊሙማብ በ2011፣ ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ በ2014 በአሜሪካ የተፈቀዱት መድኃኒቶች ደግሞ የመከላከያ ሕዋሳትን የሚገታውን ልጓም ይፈታሉ። ልጓሙ የተፈታ መከላከያ ካንሰሩን ብቻ መርጦ አይመታም፤ ቆዳን ያሳክካል፣ አንጀትን አቁስሎ ተቅማጥ ያመጣል፣ ጉበትን፣ ሳንባንና የታይሮይድ ዕጢን ይነካል። ይህም ሕክምናው ካበቃ ከወራት በኋላ ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ፈውሱና ጉዳቱ የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው።

በጋምቤላ ጉዳዩ ከቃላት ክርክር ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ የተቋቋመባት ይህች ከተማ የብዙ ቋንቋዎች መገናኛ ናት። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሲሆን፣ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ307,096 ነዋሪዎች ኑዌር ከመቶ 46፣ አኝዋ ከመቶ 21 ያህል ነበሩ፤ ማጃንግ፣ ኦፖና ኮሞም አሉ። በመሆኑም የጤና ባለሙያው አማርኛ ብዙ ጊዜ በአስተርጓሚ አፍ ዳግም ይተረጎማል። «ጎን» ደግሞ የአካል ስም ነው፤ «ጎኔን ወጋኝ» እንላለን፤ መርፌም «ይወጋል»። የመርፌውን «የጎንዮሽ ጉዳት» የሰማ ሕመምተኛ ጎኑን የሚያመው ቢመስለው አይፈረድበትም።

በሚኒሶታ ከሚኖሩት አኝዋዎች ወይም በኔብራስካ ከሚኖሩት ኑዌሮች አንዱ በዚያ ታክሞ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ጋምቤላ ቢመጣና ተቅማጥ ቢይዘው፣ ሁሉም አስቀድሞ ውሃውን ይጠረጥራል፤ ትኩሳት ቢሆንም ወባን። ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ ምርመራውም አይቀርም። ነገር ግን ከመከላከያው የመነጨ የአንጀት ቁስለት የሚታከመው አብዛኛውን ጊዜ መከላከያውን በሚያበርዱ ኮርቲኮስቴሮይዶች ነው፤ ቢዘገይ አንጀት ሊበሳ ይችላል። «የጎንዮሽ ጉዳት እንዳለው ነግረውኛል» የሚል ቃል ይህን ለሐኪሙ አይጠቁመውም።

ስለዚህ ለዚህ ዓይነቱ «የገዛ መከላከያ ጉዳት» የሚል ስያሜ አቀርባለሁ፤ የቀድሞው ለሌሎቹ መድኃኒቶች ይቆይ። «መከላከያ» ሠራዊትን ያሳስባል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። «የገዛ ጠባቂ ጉዳት» የሚለውን በአማራጭነት ያስቀመጥሁት ስለዚህ ነው። ከሁለቱ የትኛው በኑዌርኛና በአኝዋኛ ያለ ብዙ ማብራሪያ እንደሚተላለፍ በጋምቤላ የሚሠሩ አስተርጓሚዎች ቢፈትኑት እመርጣለሁ።