የመጻሕፍት መንገድ መሪዎች፤ ስለ ኢትዮጵያ መጻሕፍት ዝርዝሮችና ስለ ጠያቂው አንባቢ

ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚገባ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የሚፈልገውን መጽሐፍ በስሙ ዐውቆ ይመጣል፤ ሁለተኛው ግን የመጽሐፍ ስም ሳይሆን ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ለመጀመሪያው መደርደሪያውን የሚያውቅ ሠራተኛ ይበቃዋል። ለሁለተኛው ግን ጥያቄውን አዳምጦ መልሱ በየትኛው መጽሐፍ፥ በየትኛው ዝርዝርና በየትኛው አገር እንደሚገኝ የሚያመለክተው ሰው ያስፈልገዋል። የማጣቀሻ ክፍል ባለሙያ የሚባለው ይህ ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፥ ስለ ኢትዮጵያ የሚጠይቅ አንባቢ ሲመጣ ይህ ባለሙያ በእጁ የነበሩትና ዛሬ ያሉት መሣሪያዎች ከየት እንደ መጡ፥ ምን እንደ ረዱና ምን እንደ ጐደላቸው ነው። የዓመታቱ ቍጥር ዓ. ም. ተብሎ ካልተመለከተ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የመጻሕፍት ዝርዝር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በወሎ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል በ1280 ወይም በ1281 የተጻፈ ነው። በዚሁ ወንጌል ውስጥ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የገዳሙ መጻሕፍት ተቈጥረው ተመዝግበዋል። በሌሎችም አድባራትና ገዳማት ርስቱና ንዋየ ቅድሳቱ እንደሚጻፍ ሁሉ መጻሕፍቱም በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ይጻፉ ነበር። የእነዚህ ዝርዝሮች ዓላማ ግን መጠበቅ ነው፤ ዕቃ ቤቱን የሚረከበው ሰው ምን እንደ ተረከበ እንዲያውቅ፥ የጐደለም ቢኖር እንዲጠየቅበት ነው። ከሩቅ የመጣ ጠያቂ መጽሐፉ ስለ ምን እንደሚናገር ቢፈልግ መልሱን የሚያገኘው ከዝርዝሩ ሳይሆን ከመሪጌታው ወይም ከመምህሩ ቃል ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው የማጣቀሻ ባለሙያችን መጽሐፉን በቃሉ የሚያውቅ ሊቅ ነበር ማለት ይቻላል።

ይዘቱን እየገለጸ አንባቢን የሚመራ የታተመ ካታሎግ የተጀመረው በአውሮፓ ነው። አውጉስት ዲልማን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1847 በሎንዶን በብሪቲሽ ሙዚየም፥ በ1848 ደግሞ በኦክስፎርድ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት የነበሩትን የግዕዝ መጻሕፍት ዘርዝሮ በላቲን አሳተመ። ከ1838 እስከ 1848 በኢትዮጵያ የቈየው አንቷን ዳባዲ የሰበሰባቸውን 234 መጻሕፍት ራሱ ዘርዝሮ በ1859 በፓሪስ በፈረንሳይኛ አወጣ። በ1868 የመቅደላ አምባ በወደቀ ጊዜ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከሰበሰቧቸው መጻሕፍት 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ዊልያም ራይት እነዚህን ጨምሮ ከ1847 በኋላ ለገቡት ያዘጋጀው የእንግሊዝኛ ካታሎግ በ1877 ታተመ። በዚያው ዓመት ዞታንበርግ በፓሪስ ለሚገኙት የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት የራሱን ካታሎግ አወጣ።

የእነዚህ ሊቃውንት ድካም የሚናቅ አይደለም። ዛሬም ቢሆን አንድን ድርሳን ወይም ገድል ለማመሳከር የሚነሣ ተመራማሪ ራይትንና ዞታንበርግን ሳይገልጥ አያልፍም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። መጽሐፉ ከአገሩ ወጣ፤ ስለ መጽሐፉ የሚናገረው መሪ መጽሐፍም በላቲን፥ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ተጻፈ። ስለዚህ የጐንደር ወይም የሸዋ ሊቅ ሁለት ጊዜ ከመጽሐፉ ራቀ፤ አንድ ጊዜ በባሕር፥ አንድ ጊዜ በቋንቋ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጠይቀው ሙዚየሙ በ1872 አንዱን ቅጂ መመለሱ የታወቀ ነው። የቀሩት ግን እዚያው ቀሩ፤ ዝርዝራቸውም ለረጅም ዘመን በአገራችን የታወቀው በጥቂት ሰዎች ዘንድ ብቻ ነበር።

በአማርኛ የመጻሕፍት ካታሎግ አዘጋጅቶ በማሳተም ይህን ክፍተት ለመሙላት የተነሡት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት የሚዘረዝረው ሥራቸው በ1904 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ታተመ፤ በ1920 ዓ. ም. ደግሞ እንደ ገና ወጣ። ይህ ሥራ በገጹ ብዛት ከራይት ካታሎግ ጋራ የሚወዳደር አይደለም። ዋጋው ግን በሌላ ነው፤ ኢትዮጵያዊ አንባቢ በቋንቋው «በአገሬ ምን ምን መጽሐፍ አለ?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ የሚያገኝበትን መንገድ ከፍቷልና።

ከጠላት ወረራ በኋላ ሥራው ከግለሰብ ወደ ተቋም ተሻገረ። ወመዘክር በ1936 ዓ. ም. (1944) ተመሠረተ። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በዩኒቨርሲቲው ሥር በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲቋቋም፥ ሪቻርድ ፓንክኸርስት የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኑ፤ ስታኒስላቭ ኾይናትስኪም ቤተ መጻሕፍቱን በማደራጀት ብዙ ደከሙ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ በ1966 በናይሮቢ ጽሕፈት ቤት ከፍቶ፥ ከ1968 ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ የሚታተሙትን አዲስ መጻሕፍት የሚያስታውቅ ተከታታይ ዝርዝር ማውጣት ጀመረ። ለማጣቀሻ ባለሙያ ይህ የዜና ምንጭ ነበር፤ ባለሙያው ትናንት የወጣውን መጽሐፍ ካላወቀ ዛሬ የመጣውን ጠያቂ በአሮጌ መልስ ይሸኛልና።

ታላቁ ለውጥ ግን በ1973 ተጀመረ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በአሜሪካ በኮሌጅቪል ከሚገኘው የሂል ገዳማዊ የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍትና ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ጋራ ተስማምታ፥ በየአድባራቱና በየገዳማቱ ያሉት መጻሕፍት በማይክሮፊልም ይነሡ ጀመር። የተነሡት ወደ 9,000 ይደርሳሉ። በዚህ ሥራ መጽሐፉ ከቦታው ሳይነቀል ምስሉ ብቻ ተጓዘ፤ ከመቅደላው ታሪክ ጋራ ሲነጻጸር ልዩነቱ ይህ ነው። ከ1975 እስከ 1993 በዐሥር ቅጽ የታተመው ካታሎግ የመጀመሪያዎቹን 5,000 መጻሕፍት ይገልጻል። የመጀመሪያዎቹን ቅጾች ዊልያም ማኮምበር ሲያዘጋጁ፥ ከዚያ በኋላ የሥራው ዋና ባለቤት የሆኑት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ፕሮፌሰሩ በ1975 በአዲስ አበባ በጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆነው ሳለ በ1976 ወደ ኮሌጅቪል ሄደው፥ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 2021 ድረስ በዚህ ትምህርት ደከሙ። በአገር ቤት ትምህርት ያደገ ሊቅና የውጭውን የካታሎግ ሥርዓት የተማረ ባለሙያ በአንድ ሰው ሲገናኙ ምን ያህል ፍሬ እንደሚገኝ ካታሎጉ ራሱ ይመሰክራል።

የዛሬው የኢንተርኔት መሣሪያ በዚህ ሁሉ መሠረት ላይ የቆመ ነው። የኮሌጅቪሉ ቤተ መጻሕፍት ከ2015 ጀምሮ ምስሎቹን በኢንተርኔት እያወጣ ነው፤ የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ወንጌልም 1832 በሚል የፕሮጀክት ቍጥር ይፈለጋል። በሀምቡርግ ተዘጋጅቶ ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ ከታተመው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ ቀጥሎ፥ በ2016 በዚያው ከተማ ቤተ መጻሕፍት የሚል የግዕዝ ስም ያለው ፕሮጀክት ተነሣ። ይህ ፕሮጀክት ለእያንዳንዱ ድርሰት የራሱ መለያ ቍጥር ይሰጣል፤ በዚህም አንድ ገድል በፓሪስ፥ በሎንዶንና በሐይቅ በተለያየ ስም ቢመዘገብ አንድ መሆኑ ይታወቃል። የብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት በ2004 የጀመረው የጥፋት አደጋ ያለባቸው መዛግብት ፕሮግራም ደግሞ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያሉትን መጻሕፍት ጨምሮ ብዙዎችን በዲጂታል አስነሥቷል።

መሣሪያው እንዲህ ከበዛ ባለሙያው አያስፈልግም የሚል ሰው ይኖራል። እኔ ግን ተቃራኒውን አስባለሁ፤ ምክንያቶቼም ሦስት ናቸው።

አንደኛው የፊደል ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ሥርዓት በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ይሁንና ኮምፒዩተር የሚያየው ቅርጽን እንጂ ድምፅን አይደለም። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም እንውሰድ፤ የመጀመሪያው ፊደል በሀ፥ በሃ፥ በሐ፥ በሓ፥ በኀና በኃ በስድስት መንገድ፥ ሁለቱ የሰ ድምፆች እያንዳንዳቸው በሁለት መንገድ ቢጻፉ 24 ዓይነት አጻጻፍ ይገኛል። የሚነበበው አንድ ነው፤ ፍለጋው ግን 24 ነው። ይህን የማያውቅ ተማሪ አንድ ጊዜ ጽፎ ባላገኘ ጊዜ «መጽሐፉ የለም» ብሎ ይሄዳል።

ሁለተኛው የዘመን ጉዳይ ነው። የኅሩይ ሁለተኛው ዝርዝር በሽፋኑ ላይ 1920 የሚል ዓመት አለው። የውጭ አገር መዝጋቢ ይህን ሳይመነዝር ቢያሰፍረው፥ መጽሐፉ በ1925 ከተጀመረው ከብርሃንና ሰላም ጋዜጣ አስቀድሞ የወጣ ይመስላል። እውነቱ ግን መጽሐፉ በ1927 እና በ1928 መካከል መውጣቱ ነው፤ ይኸውም ከጋዜጣው በኋላ ነው። አንድ ቍጥር ባለመመንዘሩ የታሪክ ቅደም ተከተል ይገለበጣል።

ሦስተኛው የስም ጉዳይ ነው። እኛ የቤተ ሰብ ስም የለንም፤ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው። ነገር ግን ብዙ የውጭ ዝርዝሮች የአባትን ስም አስቀድመው ይጽፋሉ። በውጭ አገር ስማር፥ ስሙን በማልጠቅሰው ቤተ መጻሕፍት የኅሩይን ሥራዎች ግማሹን በኅ፥ ግማሹን በወ ተከፋፍለው አገኘኋቸው። አንዱን ደራሲ ሁለት ሰው አድርጎ የሚያሳይ ካታሎግ፥ በሰው እጅ ቢጻፍም በኮምፒዩተር ቢታይም ስሕተቱ ያው ነው። ማሽኑ ስሕተቱን አያርመውም፤ በብዙ ቦታ ያባዛዋል እንጂ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የጥበቃ ጥያቄ አለ። በጥቅምት ወር 2023 የብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት የኮምፒዩተር ሥርዓት በወንበዴዎች ተጠቃ። ዋናው ካታሎግ ለመፈለጊያ ያህል የተመለሰው በጥር 2024 ነበር፤ የብራና መጻሕፍቱ ምስሎች ግን ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ አልተገኙም። በእነዚያ ወራት ከመቅደላ ስለ ተወሰዱት መጻሕፍት የሚጠይቅ አንባቢ ሳይቸገር መልስ ያገኘው ከራይት የ1877 የታተመ ካታሎግ ነው። በአገራችንም ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በትግራይ ሁለት ዓመት ያህል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በዚያው ጦርነት አብያተ ክርስቲያናት ሲጐዱና መጻሕፍት ሲዘረፉ፥ አስቀድመው በምስል የተነሡት ምስክር ሆነው ቀሩ፤ ነገር ግን ምስክሩን ማየት የሚችለው በሩቅ አገር የተቀመጠ ሰው እንጂ የመጽሐፉ ባለቤት አልነበረም። እንዲህ ሲሆን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ርቀት በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው።

ስለዚህ የማጣቀሻ ክፍል ባለሙያዎቻችን ሦስት ነገር ቢያደርጉ መልካም ይመስለኛል። መጀመሪያ፥ እያንዳንዱን ስም ከነልዩ ልዩ አጻጻፉ፥ እያንዳንዱንም ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር የሚያሳይ መዝገብ ማበጀት ነው። ሁለተኛ፥ በየጊዜው የሚወጡትን አዲስ የኢንተርኔት ምንጮች በአማርኛ የሚያስታውቅ፥ በወረቀትም የሚታተም አጭር ዜና ማውጣት ነው፤ መብራቱ ወይም መስመሩ በጠፋ ቀን ወረቀቱ አይጠፋምና። ሦስተኛ፥ የተነሣው ምስል ቅጂ ለመጽሐፉ ባለቤት ለገዳሙና በአቅራቢያው ላለው ቤተ መጻሕፍት እንዲደርስ መጠየቅ ነው።

የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል ዛሬ በብራና በሐይቅ፥ በፊልምና በምስል ደግሞ በሩቅ አገር አለ። ሰባት መቶ ዓመት ያለፈው የገዳሙ ዝርዝር የተጻፈው ለተረካቢው ነበር። የዛሬው ዝርዝር ደግሞ የሚጻፈው ለጠያቂው ነው። ጠያቂው ከሐይቅ የመጣ ተማሪ ቢሆንስ? ያን ተማሪ አዳምጦ፥ በቋንቋው መልሶ፥ ወደ ገዛ አገሩ መጽሐፍ የሚመራው ሰው ከሌለ፥ የካታሎጎቹ ሁሉ ድካም ግማሹ ለባዕድ ጥቅም የዋለ ሆኖ ይቀራል።