አሚሎይድም ሙያ አለው

በቅርቡ ለማስተማሪያ በተዘጋጀ አንድ ረቂቅ ላይ «ተግባራዊ አሚሎይድ» የሚል አነበብኩ። በአማርኛችን ተግባራዊ የሚሆነው መመሪያ ነው፣ ውሳኔ ነው፣ ዕቅድ ነው። አሚሎይድን ደግሞ ማን አጽድቆት ነው ተግባራዊ የሚሆነው? ሊባል የተፈለገው በሕያው አካል ውስጥ የታወቀ ሥራ ያለው አሚሎይድ ነበር።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አሚሎይድን ብዙዎቻችን የምናውቀው በአልዛይመር በሽታ አእምሮ ውስጥ የሚከማች የፕሮቲን ጉድፍ ተብሎ ነው። ግን ፍጥረታት ለጉዳያቸው የሚያበጁትም አለ። ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ከርሊ የሚባለውን ከገላው ውጭ ሠርቶ እርስ በርሱና ካረፈበት ነገር ጋር ይጣበቅበታል፤ ከርሊ አሚሎይድ መሆኑ በ2002 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በእኛም ቆዳ ውስጥ ሜላኒን የሚሰደረው ፒሜል በተባለ ፕሮቲን አሚሎይድ ላይ ነው። የፕሮቲንን ቅርጽ የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች የሚጠይቁት፣ በሽታ ላይ የሚታየው ዓይነት አሠራር እዚህ እንዴት ያለ ጉዳት ሥራ እንደያዘ ነው።

ወደ ቃሉ ልመለስ። አሚሎይድን አንዳንዱ «ስታርች መሰል ፕሮቲን» ይለዋል። ግሪኮቹ አሚሎን ያሉት «ያልተፈጨ» ለማለት ነው፤ እህሉ ወፍጮ ሳይነካው ተዘፍዝፎ የሚወጣውን ስታርች። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርኾው በ1854 እ.ኤ.አ. አንጎል ውስጥ ያገኛቸው ቅንጣቶች አዮዲን ሲነካቸው ቀለማቸው ስለተለወጠ የስታርች ወገን መሰሉት። ፍኖተ ሰላም የተማረ ልጅም ቢሆን የተቆረጠ ድንች ላይ አዮዲን ጠብ ሲደረግ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ሲለወጥ አይቶ ይሆናል፤ ፈተናው ያው ነው። በ1859 ግን ፍሪድራይኽና ኬኩሌ ከታመመ ጣፊያ የተወሰደውን መርምረው የፕሮቲን ወገን እንጂ ስታርች እንዳልሆነ አሳዩ። ስሙ እንዳለ ቀረ፣ ስህተቱም አብሮት። ፈረንጅ የተሳሳተውን ተርጉመን የምንወርስበት ምክንያት አይታየኝም፤ «አሚሎይድ» እንዳለ ይግባ።

የሚተረጎመው ቅጽሉ ነው። «ጠቃሚ» የሚሉ አሉ፤ ለማን? ከርሊ የሚጠቅመው ባክቴሪያውን ነው። «አገልጋይ» ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ይላል። እኔ «ባለሙያ» እላለሁ። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ቅኔ ቤት መምህሩ የቃሉን ፍቺ ጠይቆ አይበቃውም፤ ሙያውንም ይጠይቃል፤ ባለቤት ነው? ተሳቢ ነው? ዘርፍ ነው? አንዱ ቃል እንደ ገባበት ቦታ ሙያው ይለያያል። አሚሎይድም አንድ ቦታ በሽታ፣ ሌላ ቦታ ሥራ ነው። ሙያ የሚለው ቃል ይህን ተሸክሞ ጎጃም ውስጥ ዘመናት ሲኖር «ተግባራዊ»ን ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ መበደር ምን ይሉታል? «ባለሙያ የሚባለው ሰው ነው» ብሎ የተከራከረኝ አለ። እውነት ነው፣ ቡሬ ገጠር ባለሙያ ሲባል መጀመሪያ የምትታሰበው ጠላዋና ወጧ የተመሰከረላት ሴት ናት። ጆሮ ግን ይለምዳል፤ «አስተናጋጅ» የሚለውን ቃልም ኮምፒውተር ላይ ለምደነዋል።

ስለ አሚሎይዱ ክር፣ ስለ «ፋይበር»ም አንድ ነገር ልበል። «ቃጫ» ያሉትን አልደግፍም። ቃጫ ቅጠሉ ተፍቆ የሚወጣ፣ ተክሉ ውስጥ የነበረ ነገር ነው። አሚሎይድ ግን ከተበታተኑ የፕሮቲን ቁራጮች የሚገጣጠም ነው፤ ቁራጮቹ ለርዝመቱ አግድም ሆነው በ0.47 ናኖ ሜትር ገደማ ልዩነት ይደረደራሉ፣ ከዚያ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቀጫጭን ዘንጎች እርስ በርስ ይጠማዘዛሉ። እንዝርት የያዘች ሴት ይህን በሁለት ግስ ትለየዋለች፤ ነጠላውን ትፈትላለች፣ ፈትሎቹን አንድ ላይ ስታጠማዝዝ ትገምዳለች። እንግዲያው ነጠላው «ፈትል»፣ ጥምዙ «ግምድ» ይባል። ግሱም ይመቻል፤ «ፋይበር ይፈጥራል» ከማለት «ይገመዳል» ማለት ይበቃል፣ ገማጅ መጥራት ሳያስፈልግ። ከርሊ ላይም ገማጅ የለም፤ አንዱ ፕሮቲን ጫፉን ያስጀምራል፣ ሌሎቹ እየተከተሉ ይያያዛሉ።